የአገረ ገዥው ፊርማ፦ ‹ጄሪማንደሪንግ› ከየት መጣ? እንዴትስ ይሠራል?

በኦገስት 2025 የቴክሳስ ሕግ አውጪዎች የኮንግረስ ምርጫ ክልሎችን ካርታ እንደገና ለመንደፍ ሲነሡ፣ የዴሞክራቲክ ፓርቲ አባላት ምልዓተ ጉባኤ እንዳይሟላ ግዛቲቱን ለቀው ወጡ። ጉባኤው ለጊዜው ተስተጓጎለ እንጂ ካርታው አልቀረም፤ ጸደቀ፣ አገረ ገዥውም ፈረሙበት። ዓላማውን የደበቀ ሰው አልነበረም፤ ከ38ቱ መቀመጫዎች ሪፐብሊካኖች የያዙትን 25 ወደ 30 ማሳደግ ነው። ካሊፎርኒያ በኖቬምበር አጸፋውን መለሰች። ለዴሞክራቶች እስከ አምስት ተጨማሪ መቀመጫ ያስገኛል የተባለ ካርታ በሕዝበ ውሳኔ አጸደቀች።

ከዚያ ወዲህ ‹ጄሪማንደሪንግ› የሚለው ቃል በአማርኛ ዜናም በማኅበራዊ ሚዲያ ክርክርም ይደጋገማል፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን ከምርጫ ማጭበርበር ጋር ተቀላቅሎ ነው። ሁለቱ አንድ አይደሉም። በማጭበርበር ውስጥ የሐሰት ድምፅ ይገባል፣ ወይም እውነተኛው ድምፅ ሳይቆጠር ይቀራል። በጄሪማንደሪንግ ግን እያንዳንዱ ድምፅ በትክክል ተቆጥሮም ውጤቱ ቀድሞ የተበጀ ሊሆን ይችላል፤ ሥራው ያለቀው መራጩ ወረፋ ከመያዙ በፊት ነው። የቃሉ አፈታት ራሱ አንድ እንቅፋት አለበት። ‹የምርጫ ክልል› ስንል አንድ ወይም ከአንድ በላይ ተወካይ የሚመረጥበትን ወሰን ማለታችን እንጂ እንደ አማራ ወይም እንደ ኦሮሚያ ያለውን የአስተዳደር ክልል ማለታችን አይደለም። ጄሪማንደሪንግ ማለት ይህን ወሰን ለአንድ ወገን እንዲያደላ አድርጎ ማካለል ነው። ካርታ እንደገና መንደፍ ሁሉ ግን ጄሪማንደሪንግ አይደለም፤ ከእያንዳንዱ የሕዝብ ቆጠራ በኋላ ወሰን ማስተካከል በሕግ የሚፈለግ ሥራ ነው።

ቃሉ የተሠራው ከአንድ ሰው ስም ነው። የሰውየውን ታሪክ ማወቅ የዛሬውን ክርክር ለመረዳት ይጠቅማል፤ ምክንያቱም ብዙዎች እንደሚገምቱት የነገሩ ጠንሳሽ እሱ አልነበረም። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ኤልብሪጅ ጌሪ ማን ነበር?

ስሙ ‹ጌሪ› ነው፤ ቤተሰቡ የሚጠራው ጌታ በሚለው ቃል ባለው በ‹ጌ› ድምፅ ነበር። ‹ጄ› የሚለው አጠራር ቃሉ ከሰውየው ተለይቶ በየሀገሩ ከዞረ በኋላ የመጣ ነው፤ በአማርኛም የተለመደው ይኸው ነው።

ጌሪ በ1744 በማሳቹሴትስ የባሕር ጠረፍ ከተማ በማርብልሄድ ተወለደ። አባቱ የደረቀ ዓሣ ወደ ውጭ የሚልክ ነጋዴ ነበር። ልጁ ከሃርቫርድ በ1762 ተመርቆ ወደ ቤተሰቡ ንግድ ገባ፤ ከዚያም ፖለቲካው ወሰደው። በ1776 የነጻነት መግለጫውን ከፈረሙት አንዱ ነው። በ1787 ፊላደልፊያ ላይ ሕገ መንግሥቱ ሲረቀቅ እስከ መጨረሻው ቀን ተቀምጦ ተከራከረ፤ በመጨረሻም ፊርማውን ከነፈጉት ሦስት ተሰብሳቢዎች አንዱ ሆነ። ሁለቱ የቨርጂኒያዎቹ ጆርጅ ሜሰንና ኤድመንድ ራንዶልፍ ናቸው።

ያቀረባቸው ተቃውሞዎች ዝርዝር ዛሬ ሲነበብ ያስገርማል። ኮንግረስ በምርጫ ቦታዎች ላይ ሥልጣን ማግኘቱን ተቃውሟል። ምክትል ፕሬዚዳንቱ የሴኔቱ ሰብሳቢ መሆኑንም ተቃውሟል። ወደ ሁለቱም እንመለስባቸዋለን።

ከ1789 እስከ 1793 በኮንግረስ አገልግሎ፣ በ1797 ወደ ፈረንሳይ ከተላኩት ሦስት ልዑካን አንዱ ሆኖ፣ ወደ ግዛቱ ፖለቲካ ሲመለስ ተደጋጋሚ ሽንፈት ጠበቀው። ለአገረ ገዥነት እየተወዳደረ ደጋግሞ ተሸነፈ። በመጨረሻ በ1810 የተቃዋሚውን የፌደራሊስት ፓርቲ ዕጩ ክሪስቶፈር ጎርን አሸንፎ ተመረጠ፤ በ1811ም ደገመው። ያኔ ማሳቹሴትስ አገረ ገዥዋን የምትመርጠው በየዓመቱ ነበር። የጌሪ ፓርቲ ዴሞክራቲክ-ሪፐብሊካን ይባል ነበር፤ ስሙ ከዛሬዎቹ ሁለት ፓርቲዎች የተዋጣ ይምሰል እንጂ ከሁለቱ አንዱ አይደለም።

በመጀመሪያው ዓመት ጌሪ ሁለቱን ወገን ለማቀራረብ የሚሞክር ለዘብተኛ ነበር። በሁለተኛው ግን መረረ። ከእንግሊዝ ጋር ጦርነት እየቀረበ ነበር፤ የቦስተን ፌደራሊስት ጋዜጦችም ይዘልፉት ነበር። ፌደራሊስት ሹማምንትን ከሥራ እያነሣ በራሱ ሰዎች ተካ። ጋዜጦቹ ያወጡት ስም ማጥፋት በሕግ ሹማምንት እንዲቆጠር አዝዞ ከሁለት መቶ በላይ መገኘቱን ለምክር ቤቱ አስታወቀ። አወዛጋቢው የካርታ ሕግ ጠረጴዛው ላይ የደረሰው በዚህ መሐል ነው።

የ1812ቱ ሕግ

በማሳቹሴትስ የ1780 ሕገ መንግሥት መሠረት ሴኔቱ 40 መቀመጫ ነበረው። መቀመጫው የሚደለደለው በሕዝብ ብዛት ሳይሆን አካባቢው በሚከፍለው ግብር ልክ ነው። ምክር ቤቱ ወሰን የማውጣት ሥልጣን ነበረው፤ በልማድ ግን የካውንቲዎችን (በግዛቱ ሥር ያሉ የአስተዳደር ወረዳዎችን) ድንበር ተከትሎ ይሄድ ነበር። በ1812 መጀመሪያ ምክር ቤቱን የተቆጣጠሩት ዴሞክራቲክ-ሪፐብሊካኖች ይህን ልማድ ጣሉት። ካውንቲዎችን ከፋፍለው የተቃዋሚው ድምፅ በጥቂት ቦታ እንዲከማች፣ የራሳቸው ደግሞ በብዙ ቦታ በትንሹ እንዲያሸንፍ አድርገው አካለሉ። ጌሪ ፌብሩዋሪ 11 ቀን 1812 ፈረመ።

ሐሳቡ ከእሱ አልመነጨም፤ ካርታውንም አልነደፈም። የልጁ ባል ጄምስ ኦስቲን በኋላ እንደጻፈው፣ ጌሪ ሕጉን አልወደደውም፤ ላለመፈረምም አመንትቶ ነበር። ይህ የቤተሰብ ምስክርነት በመሆኑ በጥንቃቄ መያዝ አለበት። ሕጉን ውድቅ የማድረግ ሥልጣን በእጁ ሳለ አልተጠቀመበትም። የሕግ አውጪዎቹ ዳፋ ለሁለት መቶ ዓመት ስሙ ላይ ያረፈው በዚያች ፊርማ ነው።

ዝና ያገኘው ክፍል በኤሴክስ ካውንቲ ያለው ነው። አዲሱ ክልል ከደቡብ ከቼልሲ ይነሣና በሊን፣ በማርብልሄድ፣ በሴለም፣ በዳንቨርስ፣ በሚድልተንና በአንዶቨር አድርጎ በስተ ምዕራብ ይዞራል። ከዚያ በሜቱን፣ በሄቨርሂልና በኤምስበሪ በኩል ወደ ሰሜን ምሥራቅ ጥግ ሳልስበሪ ይደርሳል። መሐል ያሉትን ከተሞች እንደ ቅስት ከብቦ ለሌላ ክልል ይተዋቸዋል። የጌሪ የትውልድ ከተማ በቅስቱ ውስጥ ናት። ማርች 26 ቀን 1812 ቦስተን ጋዜት ይህንኑ ካርታ ክንፍ፣ ጥፍርና ምላስ ጨምሮበት እንደ አውሬ ሥሎ አወጣው። ሥራው ብዙውን ጊዜ ኤልካና ቲስዴል ለተባለ ሠዓሊ ይሰጣል። አውሬው ከሳላማንደር ጋር ተመሳሰለ፤ ሳላማንደር እንሽላሊት የምትመስል፣ ለስላሳና እርጥብ ቆዳ ያላት ፍጥረት ናት። የጌሪ ስም ከእሷ ስም መጨረሻ ጋር ተገጣጥሞ ‹ጌሪማንደር› ተባለ።

አርባ መቀመጫ በ101,930 ድምፅ

በዚያው ዓመት የሴኔት ምርጫ ፌደራሊስቶች 51,766፣ ዴሞክራቲክ-ሪፐብሊካኖች 50,164 ድምፅ አገኙ። ብዙ ድምፅ ያገኙት 11 መቀመጫ፣ ያነሰ ያገኙት 29 መቀመጫ ወሰዱ። በአማካይ ሲሰላ ለአንድ ፌደራሊስት ሴናተር 4,706 ገደማ ድምፅ አስፈልጓል፤ ለአንድ የጌሪ ፓርቲ ሴናተር 1,730 በቅቷል።

በአገረ ገዥነቱ ምርጫ ግን ጌሪ ራሱ በኬለብ ስትሮንግ ተሸነፈ። የተወካዮች ምክር ቤቱም ወደ ፌደራሊስቶች ዞረ። ካርታው ሴኔቱን አድኖ ባለ ፊርማውን ያላዳነው ለምንድነው? አገረ ገዥው የሚመረጠው በመላው ግዛት ድምፅ ስለሆነ የሚቆረጥና የሚቀጠል ወሰን የለበትም። ተወካዮቹም የሚመረጡት በየከተማው ስለነበር አዲሱ ካርታ አልነካቸውም። ዛሬም እንዲሁ ነው። የአሜሪካ ሴናተሮችና አገረ ገዥዎች በመላው ግዛት ስለሚመረጡ ጄሪማንደሪንግ በቀጥታ አይደርስባቸውም። የሚደርስባቸው በኮንግረስ የተወካዮች ምክር ቤት፣ በየግዛቱ ሕግ አውጪ ምክር ቤቶች፣ በካውንቲና በከተማ ምክር ቤቶች ያሉ መቀመጫዎች ናቸው። በፕሬዚዳንታዊ ምርጫም ሜይንና ነብራስካ የተወሰኑ ድምፆቻቸውን በምርጫ ክልል ስለሚሰጡ እዚያ ብቻ ይነካል።

ሕጉ በ1813 ተሻረ። ቃሉ ግን ቀረ።

ማጨቅና መበተን

መሣሪያዎቹ ሁለት ናቸው። ‹ማጨቅ› የተቃዋሚን ደጋፊዎች በጥቂት ክልል ማከማቸት ነው፤ እዚያ በ90 በመቶ ያሸንፋሉ፣ ከግማሽ በላይ ያለው ድምፅ ግን ምንም አይጨምርላቸውም። ‹መበተን› ደግሞ የቀሩትን በብዙ ክልል ከፋፍሎ የትም ግማሽ እንዳይሞሉ ማድረግ ነው።

በቁጥር እንየው። አምስት ክልሎች አሉ እንበል፤ በእያንዳንዱ 100 መራጭ። ፓርቲ ‹ሀ› 280፣ ፓርቲ ‹ለ› 220 ደጋፊ አለው። ካርታውን የሚነድፈው ‹ለ› ነው። በአንዱ ክልል 96 የ‹ሀ› ደጋፊዎችን ከ4 የራሱ ጋር ያጭቃል። የቀሩትን 184 የ‹ሀ› እና 216 የራሱን በአራቱ ክልሎች እኩል ያከፋፍላል፤ በእያንዳንዱ 54 ለ46 ያሸንፋል። በ44 በመቶ ድምፅ ከአምስት አራት መቀመጫ ወሰደ ማለት ነው።

ካርታ ነዳፊዎች የሚሳሳቱትም እዚሁ ላይ ነው። ትርፉ በጣም ስለሳሳ በየክልሉ አምስት አምስት ሰው ሐሳቡን ቢቀይር ውጤቱ 49 ለ51 ይሆንና ‹ለ› አራቱንም በአንድ ምሽት ያጣል። ስለዚህ ጥንቁቅ ነዳፊ ስግብግብ አይሆንም። በሁለት ክልሎች ‹ሀ›ን 90 90 አድርጎ ያጭቅና የቀሩትን ሦስቱን 67 ለ33 ገደማ ይይዛል። ከአራት ወደ ሦስት ይወርዳል፤ ግን ዐሥር ዓመት ይቆይለታል። ፖለቲከኞች በቅርብ ምርጫ ውጤት ተማምነው ሲስገበገቡ፣ የደጋፊው አሰላለፍ ይቀየርና ካርታው በራሳቸው ላይ ይዞራል። ይህ አደጋ በቴክሳሱ ካርታም ላይ ይነሣል፤ ከታለሙት መቀመጫዎች የተወሰኑት የላቲኖ መራጮች በ2024 ወደ ሪፐብሊካን ያሳዩት መዞር እንደሚቀጥል ታስቦ የተሠሉ ናቸውና።

አድልዎን ከሚለኩት መንገዶች አንዱ የባከነ ድምፅ ስሌት ነው። የተሸናፊ ድምፅ ሁሉ፣ እንዲሁም አሸናፊው ለማሸነፍ ከሚበቃው በላይ ያገኘው ባክኗል ይባላል። በመጀመሪያው ምሳሌያችን ‹ሀ› በታጨቀው ክልል 45፣ በአራቱ 184፣ በድምሩ 229 ድምፅ ባክኖበታል። የ‹ለ› ብክነት 16 ብቻ ነው። ልዩነቱ 213 ከ500፣ ማለትም 42.6 በመቶ ይሆናል። በእውነተኛ ካርታ እንዲህ ያለ ቁጥር አይጠበቅም፤ በሁለት አኃዝ የሚቆጠር ልዩነት ግን ያስጠረጥራል።

ቅርጹ ያሳስታል

የ1812ቱ ሥዕል ለሕዝብ ያስተማረው ነገር ግማሹ ስሕተት ነው። ሰዎች እስከ ዛሬ ጄሪማንደሪንግን የሚፈልጉት በቅርጹ አስቀያሚነት ነው። የኤሴክሱን ካርታ ክንፉንና ጥፍሩን አውልቀን ብናየው ግን ካውንቲውን የሚዞር ተራ ቅስት ነው፤ አውሬ ያደረገው ሠዓሊው ነው። በዘመናችን ደግሞ ነዳፊዎች የሚሠሩት በወረቀት ሳይሆን የእያንዳንዱን ሰፈር የሕዝብ ብዛትና ያለፈ ምርጫ ውጤት በያዘ ሶፍትዌር ነው። ያማረ አራት ማዕዘን ሠርተው የፈለጉትን ውጤት ማግኘት ይችላሉ።

የተጠማዘዘ ክልል በተቃራኒው ንጹሕ ሊሆን ይችላል። ወንዝ ወይም የባሕር ጠረፍ ተከትሎ ይሆናል፣ ወይም በ1965ቱ የመምረጥ መብት ሕግ ምክንያት የአናሳ ማኅበረሰብ ድምፅ እንዳይበተን ታስቦ። አሸናፊ ሁሉን የሚወስድበት ሥርዓት በራሱም ያዛባል። ከጌሪ ግዛት የተሻለ ማስረጃ አይገኝም። ማሳቹሴትስ ዛሬ ያላት ዘጠኝ የኮንግረስ መቀመጫ ሁሉ የዴሞክራቶች ነው፤ ሪፐብሊካኖች አንድ እንኳ ያሸነፉት ለመጨረሻ ጊዜ በ1994 ነው፤ በ2024 ትራምፕ ከመራጩ ከሦስተኛው እጅ በላይ ማግኘታቸው እየታወቀ። ጄሪማንደሪንግ ነው ለማለት ያስቸኩላል። የሒሳብ ባለሙያዎች በኮምፒውተር በርካታ ካርታዎችን ነድፈው ሲፈትሹ ግን፣ የሪፐብሊካን ደጋፊዎች በግዛቲቱ ከዳር እስከ ዳር ተመጣጥነው ስለተሠራጩ የሚያሸንፉበት ክልል መንደፍ እጅግ አዳጋች ሆኖ ተገኝቷል። ለዚህ ነው መቀመጫንና የድምፅ ድርሻን አስተያይቶ ብቻ ፍርድ መስጠት የማይቻለው።

በሜሪላንድ የሆነው

ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባት ሜሪላንድ ካርታውን የነደፉት ዴሞክራቶች ናቸው። በ2011 ሕዝብ የሚበዛበትን የሞንትጎመሪ ካውንቲ ክፍል ወስደው፣ ለሃያ ዓመት በሪፐብሊካን እጅ ከነበረው ምዕራባዊው 6ኛ ክልል ጋር አገጣጠሙት። ነባሩ ተወካይ ሮስኮ ባርትሌት በቀጣዩ ዓመት ምርጫ ተሸነፉ። በዚያው ካርታ 3ኛውን ክልል አንድ የፌደራል ዳኛ ክንፉ ተሰብሮ ከተጋደመ የጥንት በራሪ እንስሳ ጋር አመሳስለውታል።

አንድ ብዙም የማይታወቅ ነገር እዚህ ላይ መጨመር ይገባል። ክልሎቹ የሚመጣጠኑት በመራጭ ቁጥር ሳይሆን በቆጠራ በተገኘ ጠቅላላ ነዋሪ ነው። ግሪን ካርድ ያለውም፣ በተማሪ ቪዛ ያለውም፣ ሕፃናትም ይቆጠራሉ። ስለዚህ ዜግነት ያልወሰደ ሰው ድምፅ ባይሰጥም የአካባቢው ወሰን የት እንደሚያርፍ በመወሰን ረገድ ክብደት አለው። የቆጠራውን ቅጽ ሳይሞላ የቀረ ቤተሰብ ይህን ክብደት ለሌላ ሰፈር ይተወዋል።

ፍርድ ቤት ምን ይላል?

እስከ 1962 የፌደራል ፍርድ ቤቶች በምርጫ ክልል ጉዳይ አንገባም ይሉ ነበር። ያን ዓመት የተወሰነው የቴነሲ ክስ መነሻ ካርታ መቀየሩ ሳይሆን ከ1901 ጀምሮ ሳይቀየር መቆየቱ ነው፤ አለመንካትም ለአንዱ ወገን ያደላልና። በ1964 ክልሎች በሕዝብ ብዛት እንዲመጣጠኑ ተወሰነ። በ1993 ደግሞ ዘርን ዋና መነሻ ያደረገ አከላለል በሕገ መንግሥቱ መሠረት ሊታገድ እንደሚችል ተወሰነ።

በፓርቲ ጥቅም ላይ የተመሠረተው ግን በር ተዘጋበት። በ2019 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የኖርዝ ካሮላይናንና የሜሪላንድን ክሶች አንድ ላይ አይቶ፣ ይህ የፖለቲካ ጥያቄ እንጂ የፌደራል ፍርድ ቤት ጉዳይ አይደለም ሲል 5 ለ4 ወሰነ። በኖርዝ ካሮላይና ካርታውን ከመሩት ሕግ አውጪዎች አንዱ፣ ለሪፐብሊካኖች 10፣ ለዴሞክራቶች 3 መቀመጫ የሚሰጥ ካርታ ያቀረቡት 11 ለ2 ማድረግ ይቻላል ብለው ስላላመኑ መሆኑን በአደባባይ ተናግረው ነበር። የውሳኔው ተግባራዊ ውጤት እንግዳ ነው። ነዳፊዎች በዘር ነው ሲባሉ ይክዳሉ፣ በፓርቲ ነው ሲባሉ ያምናሉ፤ ሁለተኛው በፌደራል ፍርድ ቤት አያስጠይቅምና። የቴክሳሱ ካርታም በዚህ መስመር ሄዷል። የሥር ፍርድ ቤት ዘር ገብቶበታል ብሎ በኖቬምበር 2025 አገደው፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በዲሴምበር እገዳውን አነሣ።

ታዲያ ማን ይንደፈው?

ሥራው ለተመረጡ ሕግ አውጪዎች ይተው የሚሉ ወገኖች፣ ቢያንስ በድምፅ የሚቀጡ ሰዎች ናቸው ይላሉ። ደካማ ጎኑ ግልጽ ነው፤ ቀጪውን መራጭ የሚመርጡት ራሳቸው ይሆናሉ። እንደ ጌሪ ያለ ፊርማ መከላከያ የሚሆነውም ሁልጊዜ አይደለም። በኖርዝ ካሮላይና አገረ ገዥው የምርጫ ካርታን ውድቅ ማድረግ በሕግ አይችልም። በሜሪላንድ ላሪ ሆጋን በ2021 ውድቅ ቢያደርጉም ምክር ቤቱ ሽሮት አልፏል፤ ካርታው የወደቀው በማግስቱ ዓመት በግዛቲቱ ፍርድ ቤት ነው።

ገለልተኛ ኮሚሽን ይሁን የሚሉት አሪዞናን፣ ካሊፎርኒያንና ሚሺጋንን ይጠቅሳሉ። ኮሚሽን የራስን ጥቅም ከጠረጴዛው ያርቃል። ችግሩ የሚመጣው አንዱ ግዛት ሲታቀብ ሌላው ሳይታቀብ ሲቀር ነው። ካሊፎርኒያ በ2025 ያደረገችው ይህንኑ ያሳያል፤ የራሷ ኮሚሽን የነደፈውን ካርታ እስከ ቀጣዩ ቆጠራ ድረስ ወደ ጎን አደረገችው። ደጋፊዎቹ ራስን መከላከል ነው ሲሉ፣ ተቃዋሚዎቹ የራስን ደንብ ጥሶ በጠላት ማመካኘት ነው ይላሉ። ግፊቱ የሠራው ግን በሁሉም ቦታ አይደለም። በዲሴምበር 2025 የኢንዲያና ሴኔት፣ በሪፐብሊካኖች እጅ እያለ፣ ከዋይት ሐውስ የመጣውን የአዲስ ካርታ ጥያቄ 31 ለ19 ጣለው።

ጌሪ የተቃወመው አንቀጽ

ለሃምሳውም ግዛት አንድ ደንብ የማውጣት ሥልጣን ያለው ኮንግረስ ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 1 ክፍል 4 የኮንግረስ ምርጫን ጊዜ፣ ቦታና አሠራር ግዛቶች እንዲወስኑ ፈቅዶ፣ ኮንግረስ ግን በማናቸውም ጊዜ ሊለውጠው እንደሚችል ይደነግጋል። ጌሪ በ1787 ከተቃወማቸው ነጥቦች አንዱ ይህ ሥልጣን ነው። በኋላ ፕሬዚዳንት የሆኑት ጄምስ ማዲሰን በበኩላቸው፣ የግዛት ምክር ቤቶች እንዲያሸንፍላቸው ለሚፈልጉት ዕጩ እንዲመች አድርገው ደንቡን እንደሚቀርጹት አስጠንቅቀው አንቀጹን ተከላክለዋል። ማዲሰን ይህን በራሳቸውም አይተውታል። ፓትሪክ ሄንሪ የሚመሩት የቨርጂኒያ ምክር ቤት በጥላቻ ባካለለው ክልል በ1789 ጄምስ ሞንሮን 1,308 ለ972 አሸንፈው ነው ኮንግረስ የገቡት።

ሁለቱ ሰዎች በኋላ በአንድ ትኬት ተወዳደሩ። ጌሪ አገረ ገዥነቱን ባጣበት በ1812 የማዲሰን ምክትል ሆኖ ተመረጠ። ማርች 1813 ሥራ ሲጀምር ዋና ተግባሩ ያው የተቃወመው የሴኔት ሰብሳቢነት ነበር። ኖቬምበር 23 ቀን 1814 ወደ ሴኔቱ ሲሄድ በመንገድ ላይ ታምሞ ሞተ። የተቀበረው ዋሽንግተን ነው፤ የነጻነት መግለጫውን ከፈረሙት በዚያች ከተማ የተቀበረ ሌላ የለም።

በአንቀጹ የተሰጠው ሥልጣን አሁንም አለ። ኮንግረስ በ1842 እያንዳንዱ ተወካይ ተለይቶ ከተወሰነ አንድ ክልል እንዲመረጥ ያዘዘው በዚሁ ነው። በፓርቲ ጥቅም ማካለልን የሚከለክል ሰፊ ረቂቅ ሕግ በ2021 የተወካዮች ምክር ቤቱን አልፎ ሴኔት ላይ ቆሟል። እንዲህ ያለ ሕግ እስኪወጣ ወይም የየግዛቱ ሕገ መንግሥት እስኪከለክል ድረስ፣ የ2030ው ቆጠራ ከመድረሱ በፊት ተጨማሪ ግዛቶች ካርታቸውን ቢከፍቱ በፌደራል ደረጃ የሚያግዳቸው በዋናነት የሕዝብ ብዛት እኩልነትና የዘር ድንጋጌዎች ናቸው።